ጉድባው ላይ የተሠራው ቤት

ጋሽ ዋለን ያገኘኋቸው ቦንጋ መናኸሪያ፣ ወደ ሺሺንዳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። መኪናው ሰው እስኪሞላለት ቆሟል። እሳቸው ከጎኔ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ምስማር ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አንዱ ምስማር ወረቀቱን በስቶ ሱሪዬን ያዘኝ። ይቅርታ ጠይቀው ሲያላቅቁልኝ፣ ቤት እየሠሩ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የሚሠራው የጎረቤታቸው የሣህሌ ልጅ ነው፤ ምስማሩ ግን ከእሳቸው ነው። «ለሣህሌ ቤት ምስማር የማቀርበው እኔ ካልሆንኩ ማን ሊሆን ነው?» አሉኝ። ለምን ብዬ ስጠይቅ ጨዋታው ተጀመረ፤ እስኪወርዱም አላለቀም።

ጋሽ ዋለ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የተወለዱትም ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩትም ኬላ በምትባል የመንገድ ዳር ከተማ ነው። ከተማ መባሏ በሰው ደግነት ነው ይላሉ። አንድ ረጅም መንገድ አላት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይቆምባታል፤ ከላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ከታች ምንጭ፣ ከምንጩ ማዶ ጫካ። ጫካው ውስጥ ከላይ ቀፎ ይሰቀላል፣ ከሥር ቡና ይለቀማል። ትምህርት ቤቱ ካርታ ስላልነበረው ጋሽ ዋለ ልጆቹን ኮረብታው ላይ ያወጡና ቁልቁል እያሳዩ ጂኦግራፊ ያስተምሩ ነበር።

ከተማዋ እዚያ ቦታ ላይ የበቀለችበት ምክንያት አላት። በካፋ ነገሥታት ዘመን ከኮረብታው እስከ ምንጩ ጥልቅ ጉድባ ተቆፍሮ ነበር፤ ጠላት እንዳይገባ። መሻገሪያው አንድ በር ብቻ፣ በሩም ጠባቂ ያለው። ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ይለፍ እስኪባል ከበሩ ውጪ ይሰነብታል። የሚጠብቅ ሰው ይርበዋል፤ የራበው ሰው ባለበት ደግሞ የሚበላ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። ገበያው እንዲያ ተጀመረ። በኋላ መንግሥቱ ወደቀ፣ በሩም ፈረሰ፤ ሰዉ ግን በለመደው መሻገሪያ መመላለሱን ቀጠለ፤ መኪና ሲመጣም መንገዱ በዚያው ወጣ።

የጋሽ ዋለ አያት ካፋን ከያዙት ወታደሮች ጋር ከሸዋ የመጡ ሰው ነበሩ። በተሰጣቸው መሬት መካከል ያ ጉድባ አለ፤ መንገዱ ዳር የቀራቸው ቦታ ደግሞ እሱ ብቻ። የሀገሬው ሰው ይህ አፈር ቤት አይሸከምም ቢላቸው አልሰሙም። አስደፈኑት፣ አስረገጡት፣ ቤታቸውንም እላዩ ላይ ሠሩ። የደፈኑት የቆፋሪዎቹ ልጆች ናቸው፤ ወደው አይደለም። ጋሽ ዋለ ይህችን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

ጉድባውም ዝም አላለም። በየክረምቱ ቤቱን ትንሽ ትንሽ ይስበዋል። አባታቸው ሲለጥፉ ኖሩ፤ ከዚያ ጋሽ ዋለ ተረከቡ። የአልጋው አንድ እግር ሥር ድንጋይ፣ የጠረጴዛው ሥር ፍልጥ። ባለቤታቸው እትዬ ይመኙሻል እንግዳ ሲመጣ፣ ወጡ ወደ አንድ ወገን ስለሚሄድ በዚያ በኩል እንዲቀመጥ ትመክረው ነበር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ሕፃናቱ በካፊኖኖ መማር ጀመሩ። ጋሽ ዋለ ቋንቋው ከሣህሌ ጋር ጥጃ ሲያግዱ ያደጉበት ስለሆነ ሥራቸው አልተነካም። ክፉ ቃል የተናገራቸውም የለም። ግን ዘመኑ ሁሉም ሰው ከየት መጣህ የሚባልበት ነበርና፣ ሰው ሰብሰብ ብሎ ሲያወራ ባዩ ቁጥር ጆሯቸው ይቆማል።

በዘጠና ዓመተ ምሕረት ክረምቱ አልወጣም አለ። ጥቅምት ገብቶም ያዘንባል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጓዳው ግድግዳ ተሰነጠቀ፤ ክንድ ያስገባል። በዚያው ሳምንት የቀበሌ ስብሰባ ነበርና ሄዱ። መሐል ላይ ሚሊዮን የሚባል ያስተማሩት ወጣት ተነሣና፣ «አባቶቻችን በቆፈሩት ጉድባ ላይ ቤት ተሠርቶበታል። ምን ይደረግ?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ዋለ ኮታቸውን ደረቡ፣ ወጡም።

ቤት ገብተው ለባለቤታቸው ነገሯት። ውጡ ሳንባል እንውጣ፤ ወንድሜ ጅማ አለ፤ ቆርቆሮውን ነቅለን እዚያ እንጠለላለን። እትዬ ይመኙሻል እሳቱን እየቆሰቆሰች፣ «ጅማ ማን ይቀብረናል?» አለች። ያን ሌሊት የነጋላቸው እንዲሁ ሲገላበጡ ነው።

ጠዋት ጣሪያው ላይ ወጥተው ምስማር መንቀል ጀመሩ። ሣህሌ ከታች መጥቶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ። ሣህሌ ቡናና ማር አለው፤ ጎረቤት ብቻ ሳይሆን አብሮ አደግ ነው።

«ምን ትሠራለህ?» አለ።

«ልሄድ ነው።»

«የት?»

«ትናንት የተባለውን ሰምቻለሁ፣ ሣህሌ። አታድክመኝ።»

«ጥያቄውን ነው የሰማኸው። መልሱ ሲመጣ አንተ የለህም። ተማሪ እንዲህ ሲያደርግ ትገርፍ የለ?»

ጋሽ ዋለ ሌላ ምስማር ነቀሉ። ሣህሌ ቀጠለ፤ «አያቴ ቆፈረ። አያትህ አስደፈነ። ሁለቱም ለፉ፤ ቤቱ ግን ዛሬም ይሰምጣል። እኛ ምን አደከመን? አንተ ከወጣህ በኋላ ቤቱን ዞር እናድርገው ተባለ። ያንን ተናግሮ ያስወሰነው ራሱ ሚሊዮን ነው፤ ቤቱ እናንተ ላይ እንዳይወድቅ ፈርቶ። እስቲ ዘወር ብለህ እይ።»

ዘወር አሉ። ከጣሪያው ላይ የሣህሌ ጓሮ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልጆቹ ጠንካራውን መሬት እየደለደሉ ነው። ዳር ላይ የተቆለሉት ደግሞ ፍሬ የያዙ የቡና እግሮች ናቸው፤ ሣህሌ ለቤቱ ቦታ ሲል ነቅሏቸዋል። ጋሽ ዋለ ቡናውን አይተው ከጣሪያው እንዴት እንደወረዱ አያስታውሱም። የሚያስታውሱት ሣህሌ፣ «በል አታልቅስ፣ ዝናቡ ይበቃናል» ማለቱን ነው።

ለሥራው የወጣው የሰፈሩ ደቦ ቆርቆሮውን ገፈፈና የጣሪያውን እንጨት እንዳለ አንሥቶ ተሸከመ። ከመራመዱ በፊት ግን በምን ዜማ እንራመድ የሚል ክርክር ተነሣ። የጴንጤዎቹ ወጣቶች አንድ መዝሙር አወጡ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ይህ ለጭነት አይሆንም፣ ይፈጥናል አሏቸው። እንጨቱ ትከሻ ላይ እንዳለ ሲሟገቱ ሣህሌ በካፊኖኖ ከጫካ ግንድ ሲወጣ የሚባለውን ዜማ አንድ ጊዜ ቢለው ሁሉም ተቀበለው። ሚሊዮን የፊተኛውን ማዕዘን ይዟል። ጋሽ ዋለ ልሸከም ቢሉ ጋሼ ያደናቅፉናል ብሎ አባረራቸው፤ እንዳይከፋቸው ብሎም የበሩን ቁልፍ ሰጣቸው። ቤታቸው በሰው ትከሻ ከፊታቸው ሲሄድ፣ እሳቸው ቁልፍ ይዘው ተከተሉት።

ማታ ቆጮና ማር ቀረበ። ጋሽ ዋለ ለማመስገን ተነሡና ቃል አጡ፤ አፈ ጉባኤ የሚባሉት ሰውዬ። እትዬ ይመኙሻል ተነሥታ የእያንዳንዱን ሰው ትከሻ ሳመች። በዚያ አለፈ።

አሮጌው ቦታ ባዶ ሲሆን ጉድባው መልሶ ታየ። ሚሊዮንና የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች አፈሩን ጠረጉት፤ ከኮረብታው እስከ ምንጩ አንድ መስመር ሆነ። ጋሽ ዋለ ጡረታ እስኪወጡ በየዓመቱ ተማሪዎቻቸውን ጠርዙ ላይ አቁመው፣ ማን እንደቆፈረው ካስተማሩ በኋላ፣ የደፈነው ደግሞ የእኔ አያት ነው ይሉ ነበር። ልጆቹ ይስቃሉ፤ እሳቸውም ይስቃሉ። ይህን በነፃነት መናገር መቻላቸውን እንደ ስጦታ ነው የሚቆጥሩት።

ሚኒባሱ ኬላ ቆመ። ምስማራቸውን ታቅፈው ወረዱና በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አሉ።

«ስትመለስ ከመሸብህ እኛ ዘንድ እደር። የዋለ ቤት የት ነው በል። የጠየቅከው ሰው ግን ጣሪያውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ ሳይልህ አያሳይህም። ታገሠው፣ ልጄ፤ እውነቱን ነው።»