ትርፍ ደም

በዚያ ክረምት መርሳ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩ። ጦርነቱ እየቀረበን ስለነበር ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ከጠረጴዛዬ ሥር ሸጉጬዋለሁ፤ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር እግሬን ይመታኛል። የሰው ደም ግፊት እየለካሁ ጆሮዬ አስፋልቱ ላይ ነው። ከባድ መኪና ሲያልፍ በማዳመጫው የምከታተለው ምት ይጠፋብኛል፤ እንደገና ከመጀመሪያው። የራሴንም ለክቼ ከፍ ብሎ ባገኘው «ድንጋጤ ነው» ብዬ ተውኩት። ከዚያ ወዲያ ከፍ ያለበትን ሁሉ በዚሁ ቃል መሸኘት ለመደብኝ። ደንቡም ተመቸኝ፤ በአንድ ቀን ልኬት ብቻ በሽታ አለብህ አይባልም፣ በሌላ ቀን መደገም አለበት። «በሳምንቱ ይምጡ» እላለሁ። በሳምንቱ እኔ ራሴ መኖሬን ግን አላውቅም።

አንድ የገበያ ቀን ከውርጌሳ በኩል ባልና ሚስት መጡ፤ ሁለቱም ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንት ገበሬዎች ናቸው። ለካኋቸው። የሁለቱም ከፍ ያለ ነበር፤ የባልየው ግን ይብሳል።

«እማማ፣ የእርስዎ ድንጋጤ ነው» አልኳቸው።

«ማን ያልደነገጠ አለ ብለሽ ነው ልጄ» አሉና ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሱ።

ወደ ባልየው ዞርኩ። «አባባ፣ እርስዎ ደም የበዛብዎት ይመስለኛል።»

«በዛ?» ፊታቸው ፈካ። «አልሐምዱሊላህ። እኔስ ያለቀ መስሎኝ ነበር።»

ቁጭ ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ። ውጭ መኪኖች ተከታትለው ሲያልፉ ሰማሁና «ለማንኛውም በሳምንቱ ሁለታችሁም ኑ» ብዬ ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

በአራተኛው ቀን ሰውየው ብቻቸውን፣ ተቆጥተው መጡ። ለቁስለኞች ደም ስጡ ሲባል ሰምተው፣ ትርፉን ሊሰጡ ወልድያ ሄደው ኖሯል።

«አንቺ በዛ ትይኛለሽ፣ እነሱ አንቀዳም ይሉኛል። አንዳችሁ ዋሽታችኋል።»

የሰጧቸውን ብጣሽ ወረቀት ዘረጉልኝ። እዚያ የተለካ ግፊታቸው ተጽፎበታል፤ እኔ ከለካሁት ይበልጣል። ሁለተኛ ቀን፣ ሁለተኛ ልኬት። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

«ደሙ አልተረፈም አባባ። የሚገፋበት ኃይል ነው የበዛው። ምንም ሳያምዎት አንድ ቀን ድንገት ይጥልዎታል።»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ አትይኝም ነበር?»

የሚፈቀደው የአንድ ወር ኪኒን ነበር፤ መንገድ ቢዘጋስ ብዬ የአራት ወር ሰጠኋቸው። «እማማንም ይዘዋቸው ይምጡ» አልኩ።

«እሷን ድንጋጤ ነው አልሻት አይደል? አሁን ብነግራት አትሰማኝም።»

አልተከራከርኩም። በማግስቱ ሻንጣዬን ይዤ ከመርሳ ወጣሁ።

ከወራት በኋላ ስመለስ ጤና ጣቢያው ተዘርፎ፣ በክፍሌ ከጠረጴዛዬ በቀር ምንም አልቀረም። ሰውየው ባዶውን የኪኒን ማሸጊያ ይዘው መጡ። አሁንም ብቻቸውን ናቸው።

«አንድም ቀን አላጓደልኩም» አሉኝ።

«እማማስ?»

«አንድ ጧት ማሽላ ስትጠብቅ ወደቀች፤ በዚያው አለፈች። ያን ቀን እኮ ተኩስ እንኳ አልነበረም ልጄ። የሚያስደነግጥ ነገር አልነበረም።»

እኔን ለመውቀስ አልነበረም፤ በእውነት ግራ ገብቷቸው ነው። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ እንድለካቸው ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። መለኪያው መዘረፉን መናገር አቅቶኝ ክንዳቸውን ይዤ የልብ ምታቸውን በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።