ሁለት የስንዴ ዛላ

ይህን ለሚስቴ አልነገርሁም፤ ለነፍስ አባቴም አልነገርሁም። ጾም ማፍረሴን፣ መናደዴን፣ መስከሬን ስነግራቸው «ሌላስ?» ይሉኛል፤ እኔም «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። ሌላ ግን ነበር። ማዳበሪያ ሰርቄያለሁ። ይህ ደግሞ ቀላሉ ነው።

እማሆይ አለምነሽ ከአምበር ከተማ ወጣ ብላ ባለችው ቀበሌያችን የሚኖሩ ጎረቤቴ ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱባቸው ቆብ ደፍተዋል፤ ልጅ የላቸውም። ከእኔ ማሳ ጋር ድንበርተኛ የሆነ መሬታቸውን በእኩል አርስላቸው ነበር። ምርቱን አውድማ ላይ ለሁለት እንካፈላለን። የዓመት ቀለባቸው ከዚያችው መሬት ነበር።

መንግሥት እየደጎመ የሚያቀርበው ማዳበሪያ የሚታደለው በባለመሬቱ ስም ነው። እሳቸው ወረፋ መቆም ስለማይችሉ ድርሻቸውን የምቀበልላቸው እኔ ነበርሁ። ማዳበሪያ በጠፋበት በዚያ ክረምት የሁለታችንንም ድርሻ በአህያ ጭኜ ስመለስ መንገድ ላይ አንድ ነገር አሰብሁ። በእሳቸው መሬት ላይ ብበትነው ምርቱ ለሁለት ይከፈላል። በእኔ ላይ ብበትነው የእኔ ብቻ ነው። ሰው ለመጥፋት ይህን ያህል ሐሳብ ይበቃዋል? ቸግሮኝ ነው ብል ደስ ባለኝ። ጎተራዬ ግን ባዶ አልነበረም። ስስት ነው።

ሁሉንም የእኔ ላይ በተንሁት። ክረምቱ ሲወጣ የእኔ ስንዴ ጠቁሮ ቆመ፤ የእሳቸው ቢጫ ሆኖ ቀጨጨ። የግብርና ባለሙያው መጥቶ ማሳዬ መሃል አቁሞ ፎቶ አነሳኝ። እኔም ሳቅሁለት።

አጨዳ ሲደርስ እማሆይ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ሰብሉን ሊያዩ መጡ። ድንበሩ ላይ ቆሙና ከወዲህም ከወዲያም አንድ አንድ ዛላ ቀጥፈው በመዳፋቸው አሹ። ከእኔ በኩል የተቀጠፈው መዳፋቸውን ሞላ። ከእሳቸው በኩል የተቀጠፈው ገለባ ሆነ። አወቁብኝ አልሁ በልቤ።

«አራሹ አንድ፣ ዝናቡም አንድ» አሉ። «መሬቴ ነው እንግዲህ ያረጀው።»

እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል? እኔ ግን «አዎ እማሆይ፣ አርጅቷል» አልሁ። ምላሴ እንኳ አልተሳሰረም።

በሚቀጥለውም ዓመት ያንኑ አደረግሁ። የመጀመሪያውን ሰይጣን አሳስቶኝ ነው ብል፣ ሁለተኛውን በማን ላይ ልለጥፈው? ከዚያ በኋላ እማሆይ ባሕር ዛፍ እንድተክልበት ነገሩኝ። በከንቱ እንዳልለፋ አዝነውልኝ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ እስኪደርስ ድረስ ቀለብ አይሆንም። ቤታቸውን ዘግተው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተጠጉ፤ ከምእመናን እጅ መብላት ጀመሩ። እዚያ የላክኋቸው እኔ ነኝ። እሑድ እሑድ ዳቦ እወስድላቸው ነበር፤ እየመረቁ ይቀበሉኛል። ምርቃቱንም ጎንበስ ብዬ እቀበል ነበር።

አምና ታመው አስጠሩኝ። ነገሩን ደርሰውበታል፣ ዛሬ ይጠይቁኛል ብዬ ገባሁ። እውነቱን ልናገር፣ በጠየቁኝ ብዬ ተመኝቼም ነበር። እጄን ያዙ።

«ልጄ፣ በሞተ መሬት ጉልበትህን ጨረስሁብህ» አሉኝ። «ሳልሞት ይቅር በለኝ።»

አልጋውን የከበበው ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። ይቅር የሚባሉት እሳቸው አይደሉም ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። «እግዜር ይቅር ይበልዎ» አልኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ተነፈሱ። በሦስተኛው ቀን ቀበርናቸው።

ማዳበሪያውን ብመልስ ይመለስ ነበር። ያንን ቃል ግን ለማን እመልሰዋለሁ? የበደልኋቸውን ሴት እኔው ይቅር አልኋቸው። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ ልትሉኝ የሚገባችሁ እናንተ አይደላችሁም። አልጋቸው አጠገብ ቆሜ ልል ይገባኝ የነበረውን ግን፣ ማንም በማይመልስልኝ ሰዓትም ቢሆን፣ አሁን ልበለው።

መሬትዎ አላረጀም ነበር፣ እማሆይ።