ከቀዩ መጽሐፍ ላይ የፋቅሁት ስም

ለነፍስ አባቴ ጾም መሻሬን ነግሬአቸዋለሁ። ጎረቤት ማማቴን፣ ባለቤቴን በሕይወት ሳለ ማስመረሬን፣ በሰሊጥ አጨዳ ወራት በደከሙ ሠራተኞች ላይ መጮኼን ሁሉ ነግሬአቸዋለሁ። ይህን ግን አልነገርኩም። ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ መልሼ ዋጥሁት። አንተ አንባቢዬ አታውቀኝም፤ ምናልባት ለአንተ መናገሩ የቀለለኝ ለዚህ ይሆናል። ቀለለኝ ስል ደግሞ እየዋሸሁ ነው፤ ይህን ወረቀት ከጀመርኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

ኮኪት በሚገኘው ቤቴ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን አለኝ። በውስጡ ስምንት መጻሕፍት አሉ፤ ስምንቱም አንድ መጽሐፍ ናቸው። «የታንኳዋ ልጅ» የሚባል ለወጣቶች የተጻፈ ልብ ወለድ ነው፤ በጣና ላይ ታንኳ እየቀዘፈች የጠፋ ወንድሟን የምትፈልግ የአንዲት ልጅ ታሪክ። የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። «እማማ፣ አንዱን ብታነቢ ሌሎቹ ይቀየሙሻል?» ይሉኛል። እኔም አንድ አይደሉም ብዬ እከራከራለሁ። የአንደኛውን ሽፋን የሣለው ሰው ታንኳ አይቶ የማያውቅ ስለሆነ ጭስ የሚያወጣ መርከብ አድርጎታል። በአንደኛው እናቲቱ የምታለቅስበት ምዕራፍ ወጥቷል። በሌላው ደግሞ የወንድሟ ስም መሐል ላይ ይለወጥና ማንም ሳያርመው ያልቃል። ሰባቱን ለጠየቀኝ ሁሉ አሳያለሁ። ስምንተኛው በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ከሁሉም በታች ተቀምጧል።

ጣሊያን መተማን ሲይዝ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ የኬላ ጸሐፊ ነበር፤ ኬላው ከእጁ ሲወጣ ማሽላ ወደ መዝራት ገባ። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። መጽሐፉን መጀመሪያ ያገኘሁት ግን ከሀጂ ኑር ሱቅ ነው። ሀጂ ኑር ድንበሩን ተሻግረው ከገላባት ስኳርና ሻይ የሚያመጡ ነጋዴ ነበሩ፤ አሮጌ ወረቀት በክምር ይገዙና ስኳር ይጠቀልሉበታል። አንድ ቀን ቤት ደርሼ ስኳሩን ስፈታ ወረቀቱ ላይ አንዲት ልጅ በማዕበል መሐል ቀርታለች። ስኳሩን ትቼ እየሮጥኩ ተመለስኩ።

ሀጂ ኑር «ያ ቢንት፣ አንቺ ልጅ፣ ስኳሩ ጎደለሽ እንዴ?» አሉኝ። ስኳሩ እንዳልጎደለ፣ የጎደለው ወሬው እንደሆነ ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ከዚያ ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብለው ሰማያዊ ሽፋን ያለውን ትራፊ አወጡልኝ። የመጨረሻዎቹን ገጾች የመተማ ሰው ከስኳር ጋር በየቤቱ ወስዷቸዋል። ልጅቷ ወንድሟን ታግኝ አታግኝ ሳላውቅ ከረምኩ። ቆይቶ አንድ ደብተራ በእጁ የገለበጠውን በገበያ አየሁና አባቴን ለምኜ አስገዛሁት። ደብተራው ግን መጨረሻውን ከራሱ ጨምሮ ልጅቷን አመነኮሳት። እሷን የመሰለች ቀዛፊ ገዳም ስትገባ በጣም ተናደድኩ። እንዲህ በአሥራ አራት ዓመቴ የአንድ መጽሐፍ ሁለት ቅጂ ነበረኝ፤ አንዱም ሙሉ አልነበረም።

ሦስተኛውን ይዛ የመጣችው ጥሩነሽ ናት።

ጥሩነሽ በዕድሜ እኩያዬ ነበረች። እናቷ ቀድማ ሞታለች። አባቷ ጋሽ ውቤ ወላጅ አልባ ሆነው ገና በልጅነታቸው ከጎጃም ወደ ቆላው ወርደው ሽንፋ ላይ ሰሊጥ የሚዘሩ ሰው ነበሩ። ቄስ ትምህርት ቤት የገቡ ስለነበሩ ልጃቸውን ማንበብ ሊያስተምሩበት ያንን መጽሐፍ ከጎንደር ገዝተውላት ነበር። ሳያስተምሯት ጦርነቱ መጣ። እሳቸው ከአርበኞች ጋር ወደ ቋራ በረሃ ሲገቡ እሷን መተማ፣ የእናቷ እህት ዘንድ አስቀመጧት። ሊሄዱ ሲነሱ፣ ሰዎቹ በር ላይ ቆመው እየጠበቋቸው፣ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቸኩለው ጻፉና ዘግተው ሰጧት።

መጽሐፉን በመቀነቷ ሸጉጣ ወደ እኔ መጣች። «ማንበብ ታውቂያለሽ አሉኝ፤ አንብቢልኝ» አለች። ሽፋኑ ቀይ ጨርቅ ነበር። ሁለተኛው እትም ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ ፊት ለፊት ልጅቷን ታንኳዋ ላይ ቆማ የሚያሳይ ሥዕል አለው፣ ሥዕሉን ደግሞ ስስ ወረቀት ይሸፍነዋል። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። መጨረሻውም አለው። ልብ በል፣ ያንን መጽሐፍ ሳየው መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ጥሩነሽ አልነበረም።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሮቃው ዛፍ ሥር አነብላት ነበር። መጀመሪያ የጠየቀችኝ አባቷ የጻፉትን ነው። አራት መስመር ነበር። የእሷ የክርስትና ስም፣ ቀጥሎ የእሳቸው የክርስትና ስም፣ ቀጥሎ «በሞት ብንለያይ በዚህ ስም አስጠሪኝ» የሚል፣ ከታች ደግሞ እንደ ቤተ ክህነት መጻሕፍት ልማድ ይህን መጽሐፍ የሰረቀም የፋቀም የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል። አነበብኩላት። በግዝቱ ሳቀች፤ አባቷ ዶሮ እንዳይጠፋባቸውም እንዲሁ ያወግዙ እንደነበር ነገረችኝ። የራሷን ስም ያዘችው። የአባቷን አንድ ጊዜ ሰምታ ረሳችው፤ ምን ትሆናለች፣ ተጽፎላት የለም ወይ?

ሁለት ወር አነበብን። ልጅቷ ወንድሟን ስታገኝ ጥሩነሽ እጄን ይዛ አለቀሰች። «አባዬም እንዲህ ይመጣል» አለች።

ከዚያ የቤት ፍተሻ ተጀመረ። በረሃ የገባ ዘመድ ያለው ቤት ሁሉ ይበረበራል፤ ጽሑፍ የተገኘበት ይታሰራል ተባለ። የጥሩነሽ አክስት ፈርተው መጽሐፉን እናቃጥለው አሉ። ጥሩነሽ እየሮጠች ወደ እኔ አመጣችው። እኔም ማሽላ ጎተራችን ውስጥ ቀበርኩት። ወታደሮቹ የእኛን ቤት በር ላይ ሆነው አይተው አለፉ። መጽሐፉ ስምንት ቀን እኔ ዘንድ ቆየ። በእነዚያ ስምንት ቀኖች ከሰማያዊው ጋር አስተያየሁት፣ ከደብተራው ጋር አስተያየሁት፣ ሦስቱን ደርድሬ ተቀመጥኩ። የእኔ መሰለኝ። በዘጠነኛው ቀን ስትመጣ ፈርቼ አቃጠልኩት አልኳት።

ፈርቼ አልነበረም። ፍርሃቱ አልፎ ነበር። መጽሐፉን ፈልጌው ነው። መጨረሻውን አንብቤ ጨርሼ፣ ታሪኩን በቃሌ ይዤ፣ እንዲያው ቀዩ ከሰማያዊው ጎን እንዲቀመጥልኝ ነው። ለዚህ ምን ሌላ ስም አለው?

ጥሩነሽ ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አንገቴን አቀፈችኝ። «አይዞሽ ንግሥቴ» አለችኝ። «አንቺ ከምትታሰሪ እሱ ይቃጠል። ታሪኩን እንደሁ አንብበሽልኛል።»

እኔን አጽናንታኝ ሄደች። የዚያን ዕለት መጽሐፉን ብመልስላት ኖሮ እንኳን ልትቀየመኝ፣ ስቃ ትረሳው ነበር። እኔ ግን በማግስቱ የአባቴን ምላጭ ወስጄ የጋሽ ውቤን ጽሑፍ ፋቅሁ። አባቴ ያየዋል ብዬ ፋቅሁ። አራቱንም መስመር፣ ግዝቱን ጭምር፣ ወረቀቱ ሳስቶ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ፋቅሁ። በላዩ ላይ በጥሩ ጽሕፈት «ይህ መጽሐፍ የንግሥት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ያምር እንደነበር ዛሬም ይታየኛል።

ዓመት ሳይሞላ አንድ ሰው ከገለጉ በኩል የጋሽ ውቤን ጋቢ ይዞ መጣ። ጥሩነሽ ጋቢውን ስታይ ማንም ሳይነግራት ተረዳች። አክስቷ ያላቸውን አሰባስበው ለአርባው ተዝካር አዘጋጁ። ቄሱ አባ ተክሌ መጡና የሟቹን የክርስትና ስም ጠየቁ። አክስትየው አያውቁም፤ የሚስታቸው እህት እንጂ ዘመዳቸው አይደሉም። ከጎጃም የሚጠየቅ ሰው የለም። ጥሩነሽ ወደ እኔ ዞረች።

«ንግሥቴ፣ አንቺ አንብበሽልኝ ነበር። እስቲ አስታውሺልኝ» አለች። ስለ መጽሐፉ አንድ ቃል አላነሳችም።

ወልደ እንደሚል አስታውሳለሁ። ከዚያ የመልአክ ስም እንደሆነም አስታውሳለሁ። የቱ መልአክ? ራሴን አሞኛል ብዬ ወጥቼ ወደ ቤት ሮጥኩ። መጽሐፉን ከጎተራው አወጣሁት፤ ገጹን ወደ ፀሐይ ዘረጋሁት። ከራሴ ስም በቀር ምንም አልነበረም። ደጋግሜ አየሁት። የሠራሁት ሥራ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሰረቅሁት መጽሐፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ተመለስኩ። ሁሉም እኔን ያያል። አላስታውስም ማለት እችል ነበር። እውነቱ እሱ ነበር። የጥሩነሽን ዓይን አይቼ አልቻልኩም፤ «ወልደ ሚካኤል» አልኩ።

ጥሩነሽ ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመች። እኔን! አባ ተክሌም በዚያ ስም ጸለዩ፤ ሰዉም በዚያ ስም አሜን አለ። ከዚያች ቀን ጀምራ ጥሩነሽ በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል ለአባቷ ዝክር ታደርጋለች። ጣሊያን ወጥቶ፣ እሷ ሽንፋ አግብታ፣ ወልዳ፣ አርጅታም አልተወችውም።

እኔም መጽሐፍ መሰብሰቤን አልተውኩም። ሰላም ሲሆን «የታንኳዋ ልጅ» እንደገና ታተመ። ጎንደር የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር አዲስ እትም ወጥቶ እንደሆነ አስፈልጋለሁ። እያንዳንዱን ስገዛ ይህን ለጥሩነሽ እሰጣታለሁ እል ነበር። ሳየው ግን ቀዩን አይተካውም፤ ሳጥን ውስጥ አስገባዋለሁ። ለገበያ ስትመጣ ቤቴ ታርፋለች፤ ከአንዱ አንብቢልኝ ትለኛለች። ጣቷን ሽፋኑ ላይ እያሻሸች «የአባዬ ቀይ ነበር፣ አይደል?» ትላለች። አዎ፣ ቀይ ነበር እላታለሁ። ቀዩ ከተቀመጠችበት ሁለት ክንድ ርቀት ላይ፣ ነጠላ ውስጥ አለ። አንድም ቀን ደስ ብሎኝ አላነበብኩትም።

አምና ዓይኔ ሳይጠፋ ልየው ብዬ አወጣሁት። ሥዕሉን የሚሸፍነውን ስስ ወረቀት ሳነሳ የቆሸሸ መሰለኝ። ደጅ ወጥቼ ወደ ብርሃን ዘረጋሁት። ቆሻሻ አልነበረም። ጋሽ ውቤ ሰዎቹ እየጠበቋቸው ቸኩለው ቀለሙ ሳይደርቅ ሲዘጉት፣ ጽሑፋቸው ስሱ ወረቀት ላይ ተገልብጦ ታትሟል። በጀርባው በኩል ሳየው ፊደሉ ተቃና። አራቱም መስመር አለ፤ ግዝቱም አለ። ስሙ ወልደ ሚካኤል አይደለም።

ወዲያው ሽንፋ ሄጄ ነገርኳት ብል እንዴት ደስ ባለኝ። አልሄድኩም። አንድ ዓመት ሙሉ ያዝኩት። በልጅነቴ ፋቅሁ፤ ልጅ ነበርኩ ይባል ይሆናል። አምና ግን አሮጊት ነበርኩ፤ ለዚህስ ምን እላለሁ? ኅዳር ሚካኤል ደረሰ፤ እንደ ልማዷ ከዝክሩ ዳቦ በልጇ በአልማዝ እጅ ላከችልኝ። ተቀብዬ በላሁት። አንድ ቄስ እንደ ዋዛ አድርጌ ጠይቄ ነበር፤ አምላክ የማንን ነፍስ እንደሚለምኑት ያውቃል፣ በስም አይሳሳትም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እሱ አልተሳሳተም። ጥሩነሽን ግን የአባቷን ስም ያሳጣኋት እኔ ነኝ፤ ስድሳ ዓመት በማያውቁት ስም ያስጠራኋቸው እኔ ነኝ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ አንተን ይቅርታ አድርግልኝ ብዬ አልለምንህም፤ አንተን አልበደልኩም። ይህን ወረቀት ከቀዩ መጽሐፍ ጋር ለአልማዝ እሰጣታለሁ። ለገበያ መጥታ እኔ ዘንድ አርፋለች፤ ነገ ጠዋት በመኪና ወደ ሽንፋ ትመለሳለች። አልማዝ ማንበብ ታውቃለች፤ ጥሩነሽ፣ እሷም እንዳንቺ በሰው ንባብ ላይ እንዳትወድቅ ብለሽ እንዳስተማርሻት ነግረሽኛል። ያን ጊዜ እኔ አነበብኩልሽ፤ ዛሬ ልጅሽ ታንብብልሽ።

ጥሩዬ፣ አባትሽ መጽሐፉን ሲዘጉት ባይቸኩሉ ኖሮ ይህንንም ባላገኘሁት ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ሳስቷል፤ በጣትሽ እንዳትጫኚው። ስሱን ወረቀት አልማዝ ከጀርባው በኩል ታንብበው። የእኔን ስም ከላዩ ላይ ልፍቅ ምላጭ አንስቼ ነበር፤ ተውኩት። ማን እንደሰረቀው ይታወቅ፣ ግዝቱም አድራሻውን አይጣ።

ጳጉሜ ሦስት አሥር ቀን ቀርቶታል። ሚካኤልን አትተዪ፤ ስድሳ ዓመት የለመንሽውን መልአክ በእኔ ጥፋት እንዳታስቀይሚው። ግን ዘንድሮ በዚያ ቀን ዝናቡ ሲጥል ሕፃናቱ ሊታጠቡ ደጅ ሲወጡ፣ ቄሱ ዘንድ ሂጂና ትክክለኛውን ስም ስጪያቸው። ወልደ ሩፋኤል ነው። የአባትሽ ስም ወልደ ሩፋኤል ነው።