የግራው ጎማ ሁለት ብሎኖች

ሽጉጤን የሚያውቁት ሁሉ ፈሪ ነው ይሉታል፤ እሱም አይክድም። መንገድ ሲያቋርጥ ሦስት ጊዜ ይገላመጣል። ቤቱን ቆልፎ ከወጣ በኋላ ደረጃውን ወርዶ ሲያበቃ ተመልሶ እጀታውን ይጎትታል። ታዲያ ሰው ዝም ብሎ ፈሪ አይሆንም። በስደት አገር፣ ካትሌሆንግ በሚባል የድሃ ሰፈር፣ ከእህቱ ባል ጋር ሱቅ በያዘበት ጊዜ ሦስት ጊዜ ተዘርፏል፤ በሦስተኛው መሣሪያ ጆሮው ላይ ደግነው እስከ ሃያ ቁጠር አሉት። ሃያ ሲደርስ ሰዎቹ ሄደው ነበር፤ እሱ ግን ማቆም አቅቶት እስከ ስልሳ ቆጠረ። ከዚያ ወዲህ ፍርሃት አብሮት በላ፣ አብሮት ተኛ።

እንቅልፍ ያጣ ጊዜ ያየው ዶክተር አምሃ ነው። ዶክተሩ ከተማ መሃል ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ድንገተኛ ክፍል የሚሠራ አበሻ ነው። አገላብጦ መረመረውና፣ «አገር ቤት ሳለህ ምን ትሠራ ነበር?» አለው። ሽጉጤ ሐዋሳ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ እንደነበር ነገረው። «እንግዲያው ሱቁን ተውና ወደ ቁልፍህ ተመለስ» አለው ዶክተሩ። ሽጉጤም ሰማ። ክሌቭላንድ በሚባለው የከተማው ሰፈር ዱካሞ የሚባል የአገሩ ልጅ ጋራዥ ነበረው፤ እዚያ ገባ።

ይኸው ፍርሃቱ እዚያ እንጀራ ሆነለት፤ አይገርምም? የጋራዡ ሥራ ለፍጥነት የሚዘጋጁ መኪናዎችን እግር ማስተካከል ነበር። የእነዚህ መኪናዎች አሞርዛተር አናቱ ላይ ትንሽ ቁልፍ አለው፤ ሲያዞሩት ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ወደ አንዱ በኩል ሲዞር መኪናው ይጠነክራል፣ ወደ ሌላው ሲዞር ይለሰልሳል። ሌላ ሰው ስምንት ጠቅታ ቆጥሮ ይሄዳል። ሽጉጤ ስምንት ይቆጥራል፣ ወደ ዜሮ ይመልሰዋል፣ አሁንም ስምንት ይቆጥራል። የጎማውን ዘንበልታ በአላይመንት ማሽኑ ካስተካከለ በኋላ፣ አሞርዛተሩን ከጎማው ጋር የሚያያይዙትን ሁለት ሁለት ብሎኖች ልኩ ሲደርስ በሚጮኸው ረጅም ቁልፍ ያጠብቃል። ያጠበቀውን እያንዳንዱን ዳዶ በቢጫ ቀለም ነጥብ ያደርግበታል። እጁን አያምንማ! ደንበኞቹ ግን እሱን አመኑት። የቴምቢሳ ጎረምሳም የሳንድተን ሀብታምም «ፈሪው ይሥራልኝ» እያሉ ይመጡ ነበር።

ጋራዡ አንድ ሥርዓት ነበረው። ዱካሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ሥራው ያለቀ መኪና ሳይጸለይለት ከግቢው አይወጣም። ሁሉም እጁን ኮፈኑ ላይ ይጭናል፣ ዱካሞ ይጸልያል፣ «አሜን» ይባላል፣ መኪናው ይወጣል። ደንበኛው ዙሉ ሆነ ህንድ ለዱካሞ ግዱ አይደለም፤ ዐይን ያስጨፍነዋል። ጸሎቱ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ሽጉጤ ከ«አሜን» በኋላ ብሎን ነክቶ አያውቅም። «አሜን» ሲባል እጁ በራሱ ጨርቅ ያነሳና ቅባቱን ይጠርጋል።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት፣ የእነሱ ስቅለት ዋዜማ፣ ሐሙስ ቀን ነው። የእኛ ፋሲካ ከእነሱ በአንድ ሳምንት ስለሚዘገይ ጋራዡ ሥራ ላይ ነበር። ዶክተር አምሃ ሰማያዊ ሱባሩውን ጠዋት አምጥቶ አዲስ አሞርዛተር አስገጥሟል። ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ ዓመት ልጁ ከቤተል ጋር ደርባን ሊሄድ ነው፤ እናቷ ዮአዳን ሥራ ስላለባት በማግስቱ በአውሮፕላን ትከተላቸዋለች። ዶክተሩ ልጁን ይዞ ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀድሞ መጣ። መንገዱ ሳይጨናነቅ ልውጣ ብሎ ነው።

ሽጉጤ የቀኙን ጎማ ጨርሶ ቢጫውን ነጥብ አድርጎ፣ የግራውን ዘንበልታ ገና ማስተካከሉ ነበር። ሁለቱን ዳዶዎች በጣቱ አስገብቶ ረጅሙን ቁልፍ አነሳ። ይኼኔ ዱካሞ ከወዲያ፣ «ሽጉጤ፣ ና፣ ዶክተር ቸኩለዋል፤ እንጸልይና ትጨርሳለህ» አለው። ሽጉጤም ቁልፉን ማሽኑ ሥር አስቀምጦ ተነሳ። ቤተል ትንሽ እጇን ከእጁ አጠገብ ኮፈኑ ላይ ጫነች። ዱካሞ ለመንገዱ፣ ለመሪው፣ ለጎማው ሳይቀር ጸለየ። «አሜን» ተባለ።

የሽጉጤ እጅም ጨርቅ አነሳ።

መሪውን ጠረገ፣ የጠቅታውን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ለዶክተሩ ሰጠ። ከዚያ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ «ዶክተር፣ አሞርዛተሩ ጠንካራ ስለሆነ ትንሽ ኳ ኳ ሊል ይችላል። አይፍሩ፣ ባሕሪው ነው» አለው። ሁሉን ሲፈራ የኖረ ሰው፣ በዚያች ቀን ሌላውን ሰው አትፍራ አለ።

አርባ ደቂቃ አለፈ። ሽጉጤ ለሚቀጥለው መኪና ረጅሙን ቁልፍ ፈለገ፣ ከቦታው አጣው። አጎንብሶ አየ፤ ማሽኑ ሥር፣ በግራ በኩል፣ እሱ ያስቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። ሊያነሳው የዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ። ክው አለ። መሬት ላይ ተቀመጠ። ቢጫ ነጥብ ማድረጉን ለማስታወስ ሞከረ፤ የቀኙ ብቻ ትዝ አለው።

አንድ ነገር ልናገር፤ ሽጉጤ ራሱ ስለተናገረው ነው። መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ዝም ማለት ነበር። ምናልባት አይፈታ ይሆናል። ቢፈታስ ማን ያውቃል? እሱ በየስድስት ወሩ የሚታደስ የጥገኝነት ወረቀት የያዘ ሰው ነው፤ ፖሊስ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ይህን ያሰበው ለሁለት ትንፋሽ ያህል ይሆናል። ከዚያ ኮፈኑ ላይ ያያት ትንሽ እጅ መጣችበትና ስልኩን አወጣ።

የዶክተሩ ስልክ ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። አይነሳምም። ዶክተር አምሃ ሲነዳ ስልክ አያነሳም፣ ድምፁን አጥፍቶ ከኋላ ሻንጣ ውስጥ ይከተዋል፤ ስልክ እያነሱ የነዱትን ሲሰፋ የሚውል ሰው ነው። ሽጉጤ አምስት ጊዜ ደወለ። ዱካሞ ጠጋ ብሎ ምን ሆንክ አለው። ሲነግረው የዱካሞ ፊት አመድ መሰለ፤ የባኪውን ቁልፍ አነሳ። ፒክአፕን እዚህ አገር ባኪ ነው የሚሉት። መሣሪያውን ጭነው ወደ ደርባን መንገድ ወጡ፣ ዱካሞ እየነዳ፣ ሽጉጤ ስልኩን እንደያዘ።

«ለእናቷ ደውል» አለው ዱካሞ።

«ምን ብዬ?»

«የሆነውን ነዋ።»

ደወለ። ዮአዳን ደስ ብሏት ሰላም አለችው፣ መኪናውን ጨረስክላቸው ወይ አለችው። «እትዬ ዮአዳን፣ የግራውን ጎማ ብሎን ሳላጠብቅ ለቀኳቸው። ዶክተር ስልክ አያነሱም» አላት በአንድ ትንፋሽ። ቢሮዋ ውስጥ የሰው ሳቅ ይሰማል። ከዚያ ድምጿን ሳታነሳ፣ «ቤተል የእኔን አሮጌ ብላክቤሪ ይዛለች፣ ጻፍ» ብላ ቁጥሩን አንድ በአንድ ነገረችው። መጨረሻ ላይ፣ «ሽጉጤ፣ ልጄን» አለች።

ቤተል በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች።

«አንክል ሽጉጤ! የመንገዱን ቶል ከፍለን አለፍን፣ አሁን መንገዱ ባዶ ነው።»

ባዶ ነው ማለት ፈጥነዋል ማለት ነው። ሽጉጤ ድምፁን ለስለስ አደረገ። ልጅቷ ከደነገጠች አባቷ ይደነግጣል፤ አባቷ ደንግጦ ፍሬን ከረገጠ ያ ጎማ አለቀለት። «ቤተልዬ፣ ዳዲን ቀስ ብሎ ዳር ይዞ እንዲቆም በይው። ፍሬኑን ቀስ አርጎ።»

ስትናገር ሰማት። ከዚያ ሳቅ ሰማ።

«ዳዲ እየሳቀ ነው። ኳ ኳ ይላል፣ ግን አንተ ባሕሪው ነው ስላልከው አልፈራም በይው አለኝ።»

እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ቀዝቅዟል፤ እሱ እንዴት እንደቻለው እንጃ። ሰውየውን በገዛ አፉ ደልሎት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ድምፁን ሰምቶ ይቆም ነበር፤ ዶክተር አምሃ የቀጠለው ሽጉጤን ስላመነ ብቻ ነው።

«ቤተልዬ፣ ስሚኝ። ዋሽቶሃል በይው። ብሎኑን ረስቶታል፣ አላጠበቀውም በይው።»

«ረስተኸዋል?» አለችው።

«አዎ። ረስቼዋለሁ። አሁን ንገሪው፣ ቀስ ብሎ ይቁም።»

በእንግሊዝኛ ነገረችው። ሳቁ ቆመ። የመኪናው ድምፅ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጣ፤ ኳኳታው ግን በስልኩ ውስጥ ጭምር ይሰማ ጀመር። ከዚያ ብረት ሲፋቅ፣ ልጅቷ ስትጮህ፣ ስልኩ ሲወድቅ ሰማ። መስመሩ ተቋረጠ።

ሃምሳ ደቂቃ ነዱ። ሽጉጤ ደጋግሞ ደወለ፤ የልጅቷ ስልክ ዝግ ነው፣ የዶክተሩም አይነሳም። ዮአዳን ትደውልለታለች፣ እሱ ያየዋል፣ አያነሳውም። ምን ይበላት? ቶሉ ጋ ሰልፍ ሲይዛቸው ከባኪው ወርዶ በእግሩ ሊሮጥ በሩን ከፈተ፤ ዱካሞ በሸሚዙ ጎትቶ መለሰው። እያንዳንዱ ሰማያዊ መኪና ልቡን ያቆመው ነበር። በየኩርባው ሰው ተሰብስቦ ሊያይ ጠበቀ። «እኔን ቀድመህ ግደለኝ» ይላል በሐዲያ ቋንቋው፣ ለማን እንደሚናገር እንኳ ሳያውቅ።

አገኟቸው። ሱባሩው የመንገዱ ዳር ላይ፣ የግራ ጎማው አናት ወደ ውስጥ ተጋድሞ፣ እግሩ እንደተሰበረ በሬ ቆሟል። ዶክተሩ ሣሩ ላይ ተቀምጧል፤ ቤተል እቅፉ ውስጥ ናት። ብላክቤሪው ተሰብሮ አጠገባቸው ወድቋል፤ የዶክተሩ ስልክ እንደተረሳ ሻንጣ ውስጥ ነው። ሁለቱም ደህና ናቸው። የላይኛው ብሎን የወጣው መኪናው ሊቆም ጥቂት ሲቀረው ነው፤ የታችኛው ዳዶ ደግሞ ጫፉ ላይ በሁለት ጥርስ ተንጠልጥሏል። ዶክተሩ ቀና ብሎ፣ «ስትደውል መቶ ሠላሳ ላይ ነበርኩ» አለው።

ዱካሞ ለዮአዳን ደወለ። ሽጉጤ መኪናውን በክሪክ አንስቶ አዲስ ብሎን ከተተ። ዳዶው ሁለት ጊዜ ከጣቱ ወደቀ። አጠበቀ፤ ቁልፉ ጮኸ። ደግሞ ሞከረው፤ ጮኸ። የቀኙንም፣ የኋላዎቹንም፣ ማንም ያልነካውንም ሁሉ ሞከረ። ቤተል ቆማ ስታየው ቆየችና፣ «አንክል ሽጉጤ፣ አሁን ደህና ነው? እንሂድ?» አለችው።

ደህና ነው ማለት ነበረበት። ደህናም ነበር። «አላውቅም፣ የኔ እመቤት» አላት። «እናንተ በባኪው ሂዱ፤ ይኼን እስከሚቀጥለው መውጫ እኔ ራሴ እነዳዋለሁ። ከተነቀለም ከእኔ ጋር ይነቀል።»

ገብቶ መሪውን ያዘ። ዶክተሩ ልጁን ብድግ አድርጎ ባኪው ውስጥ፣ ዱካሞ አጠገብ አስቀመጣት፣ ቀበቶዋንም አሰረላት። ከዚያ ተመልሶ መጣና እዚህ አገር መሪው በቀኝ ነውና፣ የሱባሩውን የግራ በር ከፍቶ፣ በዚያው ጎማ በኩል ተቀመጠ።

«ዶክተር፣ እባክዎ ይውረዱ» አለ ሽጉጤ። እንባው መጣ። «እለምንዎታለሁ፣ ይውረዱ።»

ዶክተሩ ቀበቶውን ለማሰር ሦስት ጊዜ ሞከረ።

«ልጄን ከእንግዲህ አልሰጥህም፣ ሽጉጤ» አለው። «እኔ ግን አለሁ። ንዳ።»

ሽጉጤ ማርሽ አስገባና በሠላሳ፣ የመንገዱን ዳር ይዞ፣ ጆሮውን ወደ ግራው ጎማ ጥሎ ነዳ።