መቅረጫውን የያዘችው

በሃያ ስድስት ዓመት የሬዲዮ ዘጋቢነቴ ብዙ ሰው ለሚስቱ ያልነገረውን ለእኔ ነግሮኛል። እኔ ግን የራሴን አንድ በደል፣ በዘንድሮው ጾም የንስሐ አባቴ ከሰሙት በቀር፣ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። አሁን የምጽፈው እሱን ነው። ያላጣራሁትን ጽፌ አላውቅም፤ ይህን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያጣራው የለም።

ደብረ ታቦር ስሠራ የሺመቤት የምትባል ጀማሪ ዘጋቢ ባልደረባዬ ነበረች። አንድ ክረምት ከአንበሳሜ በላይ ባለው ደጋ ገበሬዎች የገዙት የገብስ ዘር አልበቅል አላቸው። እኔ ጉልበቴን ታምሜ ስለነበር ዳገቱን መውጣት አልቻልኩም። እሷ ወጣች። በዝናብና በጭቃ ሰባት ጊዜ ተመላለሰች። ከየቤቱ የተረፈውን ዘር በእፍኝ በእፍኝ ለምና አመጣች፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ቢሮው መስኮት ላይ አስቀመጠችው። በሳምንቱ ስትፈታው የበቀለው እዚህም እዚያም አንዳንድ ፍሬ ብቻ ነበር። ጨርቁን ይዛ ሄዳ ዘሩን የሸጠው ነጋዴ ፊት ዘረጋችው፤ የመለሰላትንም ቀረጸች።

ዘገባውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። በጣቢያው ልማድ ትልልቅ ዘገባ የሚተላለፈው በእኔ ድምፅ ነበር። ቅር ይላት እንደሆነ ስጠይቃት ሳቀች።

"ጋሼ፣ አንቱ ድምፅ አለዎ፤ እኔ እግር አለኝ። ተካፍለናል!"

ገበሬዎቹ ምትክ ዘር ሲያገኙ ያመሰገኑት ግን ድምፁን ነው። ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ እጄን ይስመኝ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ "የሠራችው እሷ ናት" አላልኩም። ይህ ገና በደሉ አይደለም፤ መንደርደሪያው ነው።

ዓመታት አለፉ። ጣቢያውን ለቅቄ በግሌ መሥራት ጀመርኩ፤ ባለሙያና አሠሪ በሚገናኙበት ድረ ገጽም ላይ ለራሴ ገጽ ከፈትኩ። ለወራት ማንም አልጻፈልኝም። ባለቤቴ አርፋለች፣ ልጆቼ ሩቅ ናቸው፤ ስልኬን እያየሁ እውል ነበር። የእህቴ ልጅ ከባሕር ዳር ሊጠይቀኝ መጥቶ ገጼን ሲያይ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም።

"አጎቴ፣ ይኼ እኮ የመቃብር ድንጋይ ነው! ስምና ዓመት ብቻ። የሠሩትን ይጻፉበት እንጂ። 'አቀረብኩ' የሚል ሰው ማን ይቀጥራል? 'መረመርኩ' ይበሉ፣ 'አጋለጥኩ' ይበሉ።"

እኔም ሳቅሁ። እሱ ከሄደ በኋላ ተቀምጬ ጻፍኩ፦ ደጋው ላይ የማይበቅል ዘር መሸጡን መርምሬ አጋለጥኩ። ምትክ ዘሩ በታደለ ዕለት በመኪና ወስደውኝ ማሳው ውስጥ ማይክ ይዤ የተነሣሁትን ፎቶ ከላይ ለጠፍኩ። የእህቴ ልጅ ዘገባው የማን እንደሆነ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። እያወቅሁ ጻፍኩ።

ወር ሳይሞላ የገበሬዎችን ችግር የሚያጠና አንድ ድርጅት መልእክት ላከልኝ። የአንድ ዓመት ሥራ ነው። መልእክቱ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ነበረ፦ የሺመቤት የምትባል አመልካች ይህንኑ ዘገባ እኔ ነኝ የሠራሁት ብላለች፤ ድርሻዋ ምን ነበር?

ጣቢያው ኮንትራቷን ሳያድስላት ቀርቶ ሐሙሲት እናቷ ቤት ሥራ ፈትታ መቀመጧን ሰምቼ ነበር። አላወቅሁም ማለት አልችልም። ሁለት ቀን አሰብኩበት። በሦስተኛው ቀን እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ "የሺመቤት ባልደረባዬ ነበረች። ድምፅ መቅረጫውን የያዘችው እሷ ናት።"

እውነት ነው። ሰባቱንም ጊዜ መቅረጫውን የያዘችው እሷ ናት፤ እኔ እዚያ አልነበርኩማ! በዚያ መልስ ውስጥ አንድም የሐሰት ቃል የለም። ብዋሽ ይሻል አልነበረም? ውሸትን አንድ ቀን ሰው ይደርስበታል። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን የተማርኩትን ጥንቃቄ ሁሉ አንዲት ልጅን ሌባ ለማስባል አዋልኩት።

ሥራው ለእኔ ሆነ። በሳምንቱ ደወለች።

"ጋሼ፣ ሥራውን አገኙ አሉ። እንኳን ደስ አለዎ።"

"እግዜር ይስጥልኝ።"

"እኔንማ የሰው ሥራ የራሷ አድርጋ አቀረበች ብለው ጣሉኝ። አንቱን ጠይቀዎት ነበር?"

"ጠይቀውኛል። እውነቱን ነገርኳቸው።"

 

"መቼም አንቱ ውሸት አይጽፉም" አለችና ስልኩን ዘጋችው።

አምናኝ ነው ወይስ ገብቷት? አላውቅም። ደውዬ አልጠየቅኋትም። ከዚያ ወዲህ ዜና አልሠራችም፤ ሐሙሲት ገበያ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ ትሸጣለች። እኔ ደንበኛ አላጣሁም። ገጼን ያየ ሁሉ ስለዚያ ዘገባ ያነሣል፤ አመሰግናለሁ እላለሁ፤ ከዚያ ስልኩን አስቀምጬ ከማንም ጋር ቃል ሳልለዋወጥ ይመሻል። ያንን መስመር የሰረዝኩት ዘንድሮ ነው። ለድርጅቱም እውነቱን ጻፍኩ፤ ሥራውን ጨርሰው ቢሮውን ዘግተው ኖሮ መልስ አልመጣም።

ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ለእሷስ ነግረሃታል?" አሉኝ።

"አልነገርኋትም፣ አባ።"

"ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣህ? መንገዱ ስለቀረበህ ነው" አሉና ሳይፈቱኝ ተነሡ።

ይህን መጻፌም ያው የቀረበውን መንገድ መያዝ ነው። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ዘገባውን የሠራችው የሺመቤት ናት። ይህን ፊቷ ቆሜ መናገር አለብኝ። ሐሙሲት የሚሄደው ሚኒባስ ጠዋት ይነሣል፤ ሐሙስ ገበያ ነውና እሷም ከዕቃዋ አትጠፋም። ስልኩን ከዘጋችው ሦስት ዓመት ሆነ። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ሐሙስ ያልነበረበት ሳምንት የለም።