የጋሽ ኢተፋ ሰላምታ

ጋሽ ኢተፋ አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ማዞሪያ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠሩ ጡረተኛ መካኒክ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ይሮጣሉ። ሩጫ ያስጀመራቸው አሰልጣኝ ኤርሚ፣ "ጋሼ፣ የልብ ምት መቁጠሪያ ምናምን አያስፈልግዎትም። ማለቴ፣ እየሮጡ እንደልብ ካወሩ ይጨምሩ፤ ማውራት ካቃትዎት ይቀንሱ፣ በቃ" ብሏቸው ነበር።

ምክሩን ወደዱት። ከካዛንቺስ እስከ ቂርቆስ በየበሩ ሰላም የሚሉት ሰው ነበራቸዋ። "አልጋነሽ፣ እንዴት አደርሽ? ልጆች ደህና? ወገብሽስ ተሻለሽ?" ሦስቱንም ሳይቆራረጥባቸው ከጠየቁ ይፈጥናሉ፤ ወገቧ ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ ካጠራቸው ቀስ ይላሉ።

አምና ሰፈሩ ለአዲስ ግንባታ ፈረሰና ጎረቤቱ ሁሉ ተበተነ። ጋሽ ኢተፋ ግን ግትር ናቸው። አሁንም ግንባታውን የከለለውን የቆርቆሮ አጥር ይዘው እየሮጡ፣ በር በነበረበት ሁሉ ሰላምታቸውን ያደርሳሉ። የግንባታው ጥበቃዎች ይስቁባቸዋል። ይሳቁ።

ዛሬ ጠዋት የአልጋነሽ በር የነበረበት ጋ ሲደርሱ፣ "ወገብሽስ" የሚለው አልወጣ አላቸው። ኤርሚ እንደመከራቸው ቀንሰው ቀንሰው ቆሙ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ትንፋሻቸውን አዳመጡ።

ትንፋሻቸው ምንም አላጠረም።