እትዬ ሀሎ እና ሁለቱ ሳጥኖች

ጎረቤቴን የሰፈሩ ልጆች «እትዬ ሀሎ» ይሏታል። በሯ ሲንኳኳ እንደ ሌላው ሰው «ማነው?» አትልም፤ «ሀሎ» ነው የምትለው። የስንት ዓመት ልማድ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። እኔና እሷ እኩያሞች ነን። ክፍላችንን የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ስለሆነ፣ ስታስነጥስ ከዚህ ሆኜ «ይማርሽ» እላታለሁ፣ ከዚያ ሆና «ያኑርሽ» ትለኛለች። ታሪኳንም የሰማሁት እንዲሁ በቁርጥራጭ ነው፤ የምጽፈውም ፈቅዳልኝ ነው።

በወጣትነቷ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ያኔ ደዋይ ከሚፈልገው ሰው ጋር በቀጥታ አይገናኝም። መጀመሪያ ኦፕሬተሯን ያገኛል፤ እሷ ገመዱን መዝዛ ሰሌዳው ላይ ካሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ትሰካለታለች። የከተማው ወሬ በሙሉ በሁለት ክንዶቿ መካከል ያልፍ ነበር ማለት ነው። የጆሮ ማዳመጫው ብረት ፀጉሯ ላይ መስመር አውጥቶባት ነበር፤ ዛሬም ሽበቷ እዚያ ጋ ሳሳ ብሏል። መስመሩ መያያዙን ለማወቅ ትንሽ ማዳመጥ ይፈቀድላታል። «ትንሽ የሚለውን ግን ማንም ለክቶ አልሰጠንም» ትላለች፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ።

እዚያ ወንበር ላይ ሳለች አንድ እምነት ያዛት። ባል ሚስቱን ለወንድሙ ያማል፣ ሚስት ባሏን ለእናቷ ታማለች፤ ሁለቱም መጨረሻ ላይ ያለቅሳሉ፣ ልቅሷቸውም አንድ ነው። «ሰው ሁሉ እኔ የምሰማውን ቢሰማ፣ ልቡ ሁሉ ባንድ ገመድ ቢያያዝ፣ ማን ማንን ይጠላ ነበር?» ትላለች ለባልደረቦቿ። አጠገቧ የምትቀመጠው ቀልደኛ፣ «እኔ የባሌን ልብ ከሰማሁማ ዛሬውኑ ሻንጣዬን ነው የማነሳው» ትላታለች። ይስቃሉ። እሷ ግን የምሯን ነበር።

የምሯን የሆነው በወንድሞቿ ምክንያት ነው። ታላቅና ታናሽ ወንድም አላት፤ እሷ መሃለኛ ናት። አባታቸው አናጺ ነበሩ፤ ሁለቱን ወንዶች ባንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ባንድ መላጊያ ነው ያስተማሯቸው። አባት ካረፉ በኋላ ታናሽየው ሲያገባ፣ ታላቅየው በሠርጉ መሃል ስለ ሙሽራዋ «ይቺ ቤታችንን ታፈርሳለች» አለ። ታናሽየው መጋዙንና መላጊያውን ጠቅልሎ ወጣና እዚያው መንገድ ማዶ የራሱን አናጺ ቤት ከፈተ። የአንዱ መጋዝ ድምፅ ለሌላው ይሰማል፤ ሰላምታ ግን የለም።

እናታቸው ያኔ አልጋ ላይ ናቸው። ቀኝ ጉልበታቸው ታጥፎ አልዘረጋ ስላለ፣ ብርድ ልብሱ እዚያ ላይ እንደ ጉብታ ከፍ ይላል። ድሮ ወንዶቹ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ሆነው አንስተው ፀሐይ ላይ ያወጧቸው ነበር። «አንድ ጊዜ እንኳ ሁለቱም ባንድነት ያንሱኝና ከዚያ ልሂድ» ይሏታል ልጃቸውን። ወንዶቹ ግን የሚመጡት በፈረቃ ነው፤ ታላቅየው ጠዋት፣ ታናሽየው ከሰዓት በኋላ።

ሁለቱም ሌላ ከተማ ላለችው አክስታቸው ይደውላሉ፤ እሷ ታገናኛቸዋለች፣ ትሰማለችም። ታላቅየው ሲናገር መጀመሪያ መርዙን ይተፋል። ከዚያ ዝም ይላል። ውስጡ የሚከፈተው ከዝምታው በኋላ ነው፤ ወንድሙ እንደናፈቀው ይናገራል። ታናሽየውም እንዲሁ ነው። እሷ ለአንዱ የሌላውን ናፍቆት ልትነግር ስትሞክር፣ «አንቺ ድሮም ጠብ ስለምትፈሪ ነገር ሁሉ ላይ ማር ትቀቢያለሽ» ይሏታል። እናትየው ምግብ ማቆም ሲጀምሩ ቆረጠች፤ በገዛ ጆሯቸው ይስሙ አለች።

አንድ ቀን ታላቅየው ከአክስቱ ጋር አገናኚኝ ሲላት፣ ለታናሽየው ደወለችና፣ «ምንም አትናገር፤ ዝም ብለህ ስማ» ብላ በሁለተኛ ገመድ መስመሩ ላይ አስገባችው።

አክስቲቱ፣ «እናትህ እየደከመች ነው አሉ፤ ታረቀው እንጂ» አለችው።

«ማንን? ያለ አባቴ ስም እሱ ምንድን ነው? የእንጨት ኮላ እንኳ በቅጡ ማሞቅ አያውቅም። የሚስቱ አሽከር ሆኖ ቀረ። ወንድም የለውም በይ እትዬ፤ እኔ ቀብሬዋለሁ።»

ሰሌዳው ላይ የታናሽየው መብራት በራ። ስልኩን ዘግቷል ማለት ነው። እሷ የታላቅየውን ዝምታ ለምዳዋለች፤ ታናሽየው እንዳልለመደው ግን አላሰበችም። መልሳ ልትደውልለት ገመዱን ስትመዝ፣ ታላቅየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ።

«ትናንት በመስኮት አየሁት፣ እትዬ። መላጊያውን እንደ አባባ ግራ እጁን አስቀድሞ ነው የሚገፋው። ሥራዬን ትቼ ቆሜ አየሁት። አንድ ቀን መጥቶ በሩን ቢገፋው ምንም አልለውም፤ ወንበር ነው የምስብለት።»

ይህን የሰሙት አክስቲቱና እሷ ብቻ ናቸው።

ታናሽየው እንጨት ትቢያው ከቅንድቡ ሳይራገፍ መሥሪያ ቤቷ ደረሰ። «ሰማሁልሽ» አላት።

«አልሰማህም። መሃል ላይ ነው የዘጋኸው።»

«ከቀበረኝ በኋላ ምን ቀረው? ድንጋይ ጫነብኝ?»

«ናፍቆኛል አለ። እንደ አባባ ነው የሚልገው አለ። ሞቼ እገኛለሁ ውሸት ከሆነ።»

«ማርሽን ለሌላ ቅቢ» አለና ሄደ። ሲመለስም መንገዱ መሃል ቆሞ ወደ ታላቅየው በር፣ «የተቀበረ ሰው ኮላ አያሞቅም» ብሎ ተናገረ። ታላቅየው ቃሉ ከየት እንደወጣ ለመረዳት ማሰብ አላስፈለገውም።

ድሮ ስልኩን ሲያነሳ «እህት ዓለም፣ እንዴት ዋልሽ?» ነበር የሚላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ኦፕሬተር፣ መስመር ስጪኝ» ሆነ። ወሬው ተዛመተና ከተማው ስልክ ላይ አፉን ሰበሰበ፤ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነሽ፣ ቻው» ብቻ። አለቃዋ ከሰሌዳው አንስቶ ገመድ ወደሚጸዳበት ጓዳ አዛወራት። እሷን የቆጫት ግን ያ አልነበረም፤ እናቷ ባዩዋት ቁጥር «ዛሬስ ባንድነት ይመጣሉ?» ማለታቸውን አለማቆማቸው ነው።

እናትየው አንድ ጠዋት አረፉ። እሷ ለሁለቱም ደውላ «እናታችን አረፈች» ብቻ አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

በቀትር ላይ ታላቅየው የሬሳ ሳጥን አሸክሞ መጣ። ወዲያው ከኋላው ታናሽየው ሌላ ሳጥን አሸክሞ መጣ። ከቀብረኛው መሃል አንዱ፣ «ኧረ ሴትዮዋ አንድ ናቸው» ብሎ፣ ጥቂት ሰዎች አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

እሷ ግን ሳጥኖቹን አየች። እንጨቱ አንድ ነው። ማዕዘኑ ያለ ምስማር፣ እንደ ሁለት እጅ ጣቶች የተጠላለፈ ነው፣ አባታቸው እንዳስተማሯቸው። የውስጡ ልባስ ሁለቱም ነጭ አቡጀዲ ነው። የሁለቱም ክዳን በቀኝ በኩል ከጉልበት ላይ ከፍ ተደርጎ ተሠርቷል፣ የእናታቸውን ጉልበት ማንም በግድ እንዳይዘረጋው። ሁለቱ ሰዎች ሳይነጋገሩ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሆነው፣ በተመሳሳይ ሰዓት አንድ ሐሳብ አስበዋል። አሁን ያዩታል አለች በልቧ። ይህንን እንኳ እኔ ልነግራቸው አያስፈልግም።

አዩትም። ታላቅየው አውራ ጣቱን በታናሽየው ሳጥን ማዕዘን ላይ አሳለፈ። ታናሽየው የታላቅየውን ክዳን ከፍታ በመዳፉ ለካ። እሷ ጠበቀች።

«ኦፕሬተር» አለ ታላቅየው ቀስ ብሎ። «ይህንንም አቀበልሽው?»

«እኔ?»

«የጉልበቷን ነገር ለማን ነገርኩ? ለራሴ ነው ያሰብኩት።»

ታናሽየውም ወደ እሷ ዞረ። «እኔም እሱን ልጠይቅሽ ነበር። ሐሳቤን ከየት አግኝተሽ ነው ለእሱ የሰጠሽው?»

«ማንም ምንም አልሰጠም። የአንድ እናት ልጆች ናችሁ፤ አንድ ነገር አሰባችሁ።»

አላመኗትም። አንድ ሰው ብቻ አስቦት ሌላው የሰረቀው ነው የመሰላቸው፣ ሌባዋ ደግሞ በመሃል ያለችው። ሽማግሌዎቹ ቀድሞ የገባው ይሁን ብለው እናትየው በታላቅየው ሳጥን ገቡ። ሲነሳ ታላቅየው በግራ፣ ታናሽየው በቀኝ ያዙ፤ አንዱ ወደ ግድግዳው፣ ሌላው ወደ መንገዱ እያየ። እናትየው የለመኑት ነገር እንዲህ ሆኖ ተፈጸመላቸው።

የታናሽየው ሳጥን ደጃፍ ላይ ቀረ። ማንም አልጠየቀውም። እሷ ወሰደችው።

ዛሬ ሁለቱም አርጅተዋል። ሞባይል ስላለ ኦፕሬተር አያስፈልጋቸውም፤ በየፊናቸው ይደውሉላታል። አንዱ ስለ ሌላው አይጠይቅም። ሁለቱም ግን ከመዝጋታቸው በፊት ትንሽ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ አሁን ግን ለማንም አትናገርም።

ባለፈው እሷ ክፍል ሻይ ስንጠጣ በሬዲዮ አንድ የተማረ ሰው፣ የሰው ልጆች አእምሮ አንድ ቀን በአንድ ይያያዛል፣ ያኔ ጥላቻና ጦርነት ይቀራል ይል ነበር። የድሮ እምነቷ ስለሆነ ደስ የሚላት መስሎኝ አየኋት።

«መዝጊያ ይኖረዋል?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«የሚያያይዙበት። መዝጊያ ካለው ክፉው ቃል ላይ ይዘጉታል። ከሌለውም ‹ሐሳቤን ማን ሰጠው› ነው የሚባባሉት።»

ተነስታ ሬዲዮውን አጠፋችው። የሚቀመጠው ሳጥኑ ላይ ነው፤ ክዳኑ በጉልበት በኩል ከፍ ስለሚል ሌላው ቦታ ላይ ያጋድላል፣ ስለዚህ በእግርጌ በኩል ነው የምታኖረው። ውስጡ ብርድ ልብሶቿ አሉ፤ አቡጀዲው እስከ ዛሬ ነጭ ነው። አንድ ቀን ምን ልታደርጊው ነው ብዬ ጠይቄያት ነበር። ከእናቷ ትረዝማለች።

«ለራሴ ነዋ» አለችኝ። «ቁመቱ አይበቃኝም፤ ጉልበቴን አጥፌ ነው የምገባው። እሱን እንኳ አስበውበታል።»